ባቡር አሰላ ይደርስ ይሆን? ከአዳማ ወደ አርሲ ስለታሰበው ሐዲድ የሚታወቀው

አሰላ መናኸሪያ ቆሞ «አዳማ! አዳማ! አንድ ሰው!» የሚል ረዳት የሰማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። «አንድ ሰው» የተባለው አራት ሰው ሆኖ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠበቃል። ከዚያ ጎንዴ፣ ኢተያ፣ ዴራ፣ አዋሽ መልካሳ ታልፈው አዳማ። 75 ኪሎ ሜትር። ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥል ሰው አዳማ ወርዶ ሌላ መኪና ይይዝና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። በበዓል ሰሞን ደግሞ ሰልፉንና ትርፉን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አዳማ ዳር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ ጀመረ። «ታዲያ ከአዳማ ወደ እኛ መቼ ነው የሚወጣው?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። እስኪ ምን እንደታቀደ፣ ምን እንደሚከብድ፣ ከሁሉም ቀድሞ ምን ሊሆን እንደሚችል አንድ በአንድ እንየው።

በወረቀት ላይ ያለው መስመር

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም ከተቋቋመ በኋላ የአገሪቱን የባቡር መረብ በስምንት መስመር ከፋፍሎ አቅዶ ነበር። ድምሩ 4,744 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ–ጅቡቲ (የኢትዮጵያው ክፍል 656 ኪሎ ሜትር)፣ ከሞጆ በሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭና ወይጦ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማና ዲማ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ መቀሌና ሽሬ፣ ሌሎችም አሉ። ከነዚህ አንዱ አዳማ–ኢንደቶ–ጋሠራ ይባላል፤ ርዝመቱ 248 ኪሎ ሜትር።

የአርሲ ደጋ በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ስሙ የገባው በዚህ መስመር ነው። ጋሠራ ባሌ ውስጥ ናት፤ ከአርሲ የሚለያት የዋቤ ሸበሌ ወንዝ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ከአዳማ ተነስቶ አርሲን አቋርጦ የባሌ ስንዴ ምድር ድረስ መግባት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በመስመሩ ስም ላይ አሰላ የለችም። መነሻ፣ መሐልና መድረሻ ተጠቅሰዋል፣ አሰላ አልተጠቀሰችም። የመስመር ስም የሚያልፍባቸውን ከተሞች በሙሉ ስለማይዘረዝር ይህ ብቻውን «አሰላን ትቷታል» አያሰኝም። ግን «ባቡር በአሰላ ያልፋል ተብሎ ጸድቋል» እያለ የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከስሙ በላይ እየሄደ ነው።

ቅድሚያውስ? በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2003 እስከ 2007) ይሠራሉ የተባሉት መስመሮች ድምር 2,395 ኪሎ ሜትር ነበር። ትኩረቱ ወደብ ላይ፣ በተለይ ጅቡቲ ላይ ሆነ። የአርሲ–ባሌው ወደ ኋላ ከተቀመጡት ውስጥ ነው።

ወደ ደቡብ ሐዲድ የመዘርጋት ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ የቀድሞውን የፈረንሳይ–ኢትዮጵያ ባቡር ከናዝሬት (ከዛሬዋ አዳማ) ወደ ዲላ ለመቀጠል ታስቦ ነበር። 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አልተሠራም። አዳማ፣ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ከተማ ሲሆኑ አሰላ ባቡር ሳታይ ነው ያደገችው። የአርሲ እህል በመኪና አዳማ ይወርዳል፣ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው።

አቀበቱ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ መሬቱ።

የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ የሚሄድበትም ብረት። ብረት በብረት ላይ በትንሽ ኃይል ይንከባለላል፤ ባቡር ከመኪና ይልቅ ከባድ ጭነት በርካሽ የሚጎትተው ለዚህ ነው። ግን ያው ብረት አቀበት ላይ ይንሸራተታል። መኪና በ100 ሜትር መንገድ ውስጥ ሰባትና ስምንት ሜትር ከፍ ማለት ይችላል። ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር ግን በ100 ሜትር ሁለት ሜትር መውጣት እንኳ ፈተና ነው።

አሁን ቁጥሩን እንሥራው። አዋሽ መልካሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አሰላ 2,430 ሜትር። ልዩነቱ 880 ሜትር ነው። ሐዲዱ በ100 ሜትር 1.8 ሜትር እየወጣ ይሂድ ብንል፣ ያለ አንድ እረፍት 49 ኪሎ ሜትር መውጣት አለበት። በመኪና መንገድ ከመልካሳ አሰላ 58 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ላይ ላዩን ሲታይ «ይበቃል እኮ» ያሰኛል።

ችግሩ መሬቱ አቀበቱን እኩል አላከፋፈለውም። ዴራ አካባቢ ያለው ሜዳ ብዙ አያወጣም፤ ከዚያ በኋላ ነው ጆሮ የሚደፈነው። ሌላ ምሳሌ፦ የኩሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል 2,200 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ አሰላ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ግን 230 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚያው 1.8 ሒሳብ ባቡሩ ለዚህ ብቻ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ወይ ዋሻና ረጅም ድልድይ ይሠራለታል፣ ወይም ደግሞ ጣቢያውን ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ይተክለዋል። ሦስተኛው ርካሽ ነው። ርካሽ ስለሆነም በብዙ አገር የሚመረጠው እሱ ነው፤ ከዚያ ተሳፋሪው ከጣቢያ ከተማ ለመግባት ባጃጅ ይለምናል።

ከአሰላ ወዲያ በቆጂ 2,810 ሜትር ላይ ናት፤ 56 ኪሎ ሜትር ውስጥ 380 ሜትር ብቻ ስለሆነ ያ ክፍል ከዚህኛው ይቀላል። ወደ ጋሠራ ለመሻገር ግን የዋቤ ሸበሌ ሸለቆ አለ። ሸለቆውን ያየ ሰው ድልድዩ ስንት እንደሚፈጅ መሐንዲስ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ተሳፋሪ ብቻ የሚጭን ቀላል የኤሌክትሪክ ባቡር ከዚህ የባሰ አቀበትም ይወጣል። ጀርመን ውስጥ በኮሎኝና በፍራንክፈርት መካከል ያለው ፈጣን መስመር በ100 ሜትር እስከ 4 ሜትር ይወጣል፤ ግን ጭነት አይሄድበትም። አርሲ ላይ ተሳፋሪ ብቻ የሚጭን ሐዲድ መሥራት ደግሞ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚል ጥያቄ ያመጣል።

ብሩ

በቅርብ ያለን ማወዳደሪያ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ነው። 392 ኪሎ ሜትር፣ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ፣ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። እሱም ከበረሃ ተነስቶ ደጋ የሚወጣ መስመር ስለሆነ ለአርሲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብታካፍሉት በኪሎ ሜትር 4.3 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። 248 ኪሎ ሜትሩን በዚያ ብናባዛው ከ1 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል፤ ያውም ከአሥር ዓመት በፊት በነበረ ዋጋ። ይህ የእኛ ስሌት እንጂ የመንግሥት ግምት አይደለም።

የዚያ መስመር ዕጣ ምን ሆነ? ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ አብሮ አልደረሰም፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ጉዳት ደረሰበት። ለዓመታት አንድ ተሳፋሪ ሳይጭን ቆመ። ሐዲድ መዘርጋትና ባቡር መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የጅቡቲው መስመርም ቢሆን ዕዳው ቀላል አልነበረም። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ከቻይና ሲመለሱ በ10 ዓመት መከፈል የነበረበት ብድር ወደ 30 ዓመት እንደተራዘመ ተናግረዋል። አዲስ መስመር ሲታሰብ አበዳሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው የአሮጌውን ሒሳብ ነው።

አርሲ የሚጭነው አላት

እንደዚህ ያለ መስመር የሚያዋጣው በጭነት ነው። ተሳፋሪ የጭነትን ትከሻ ተደግፎ ነው የሚሄደው። በዚህ በኩል አርሲ ደካማ አይደለችም። እ.ኤ.አ በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት (ካዱ የሚባለው) ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ገበሬው ካወረደ ወዲህ አካባቢው የአገሪቱ የስንዴ መዲና ነው። የቢራ ገብስም አለ፤ አሰላ የራሷ የብቅል ፋብሪካ አላት፣ አዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ያለው የብቅል ፋብሪካም ገብስ ይፈልጋል።

ደስ የሚለው ደግሞ እህሉ የሚወርደው ወደ ታች መሆኑ ነው። የተጫነ ባቡር ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁል ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሚጎተተው ማዳበሪያ ነው፣ መጠኑም ከእህሉ ያንሳል። አስቸጋሪው ወቅቱ ነው። ጭነቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ይጨናነቅና በክረምት ይቀንሳል። ባቡር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሥራ ይወዳል። ምርቱም በብዙ ሺህ ገበሬ እጅ የተበታተነ ስለሆነ፣ ጣቢያ ድረስ የሚያመጣው አይሱዙ ነው። አይሱዙው አንዴ ከጫነ በኋላ ደግሞ «ለ75 ኪሎ ሜትር ብዬ ምን ያስወርደኛል፣ አዳማ ድረስ ልንዳው» ይላል። ትክክልም ነው። አጭር መስመር ላይ ባቡር ጭነት የሚቀማው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስከ ጋሠራ ሲረዝም ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ስለዚህ «እስከ አሰላ ብቻ ይሠራልን» የሚለው ሐሳብ ለእኛ ለተሳፋሪዎች ጥሩ ቢሆንም፣ በገንዘብ በኩል ከሁሉም ደካማው ነው።

አሁን ያለውስ?

እዚህ ጋ ነው ትልቁ ነገር ያለው፤ ብዙ ሰው ግን አያወራበትም።

ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድ ባለ ሁለት መስመር ነው። 115 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዳማ ወዲያ ወደ ድሬዳዋ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ያሳልፋል። በአዳማና በአዲስ አበባ መካከል ግን መሄጃው ሌላ፣ መመለሻው ሌላ ነው። ማንም ማንንም አይጠብቅም። ማለትም ጠዋት ጠዋት ከአዳማ፣ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ሠራተኛና ተማሪ አዲስ አበባ የሚያደርስ፣ ማታ የሚመልስ ባቡር ለማስኬድ አዲስ ሐዲድ አያስፈልግም። ሐዲዱ ተዘርግቷል።

መስመሩ ለተሳፋሪ ባቡር እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። በየጣቢያው መቆሙን ቆጥረን በአማካይ 80 ቢሄድ እንኳ ከለቡ አዳማ በአንድ ሰዓት ከሩብ ይደረሳል። አንድ ፉርጎ ከ100 ሰው በላይ ይይዛል፤ ስምንት ሚኒባስ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይሄድም? አንደኛው፣ አገልግሎቱ ከመጀመሪያው የተቀረጸው ለሩቅ መንገደኛ ነው። ሥራ ሲጀምር ባቡሩ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል። በየሁለት ቀኑ ለሚመጣ ባቡር ብሎ ሥራውን የሚያቅድ የአዳማ ሰው የለም። ፉርጎዎቹም በሎኮሞቲቭ የሚጎተቱ፣ አልጋ ያላቸው ጭምር ናቸው። በየ15 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ቶሎ ለሚነሳ አጭር ጉዞ የሚሆነው ሞተሩ በራሱ በፉርጎው ሥር ያለው ዓይነት ነው፤ እሱ መገዛት አለበት።

ሁለተኛው ጣቢያው ነው። የድሮው ባቡር መሐል አዲስ አበባ ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ጣቢያ» የመጣ ነው። አዲሱ ለቡ ላይ ቆመ። የከተማው ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሲጀምር አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ሆነ። ሁለቱም ለቡ አይደርሱም! በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት፣ ከአንድ አበዳሪ ገንዘብ የተሠሩ ሁለት የባቡር መስመሮች አይገናኙም። አዳማም ጣቢያው ከከተማው መሐል ወጣ ያለ ነው። እናም ከአዳማ ፒያሳ መሄድ የፈለገ ሰው ወደ ጣቢያ ባጃጅ፣ ከለቡ ታክሲ እየጨመረ ሲደምረው፣ እ.ኤ.አ በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ የሚበር ሚኒባስ ይሻለዋል።

ናይሮቢ ተመሳሳይ ችግር ነበረባት። አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ሲዮኪማው አካባቢ ነው። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ በአሮጌው ጠባብ ሐዲድ ላይ ከመሐል ከተማ እስከ አዲሱ ጣቢያ፣ ከትልቁ ባቡር ሰዓት ጋር የተገጣጠመ ትንሽ ባቡር አስኬዱ። ዳሬሰላም ደግሞ ከመነሻው አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ መሐል ከተማ ሠራች። እ.ኤ.አ በሰኔ 2024 ከዳሬሰላም ሞሮጎሮ ሲጀምር፣ ባቡሩ በቀን ደጋግሞ ስለሚሄድ ሰው ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ገባ። የታንዛኒያው ሐዲድ ስፋት ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጣቢያውና ድግግሞሹ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ትልቅ አየር ማረፊያ አለ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከከተማው ጋር በባቡር ይገናኛል የሚል ሐሳብም በዕቅዱ ተነስቷል። አውሮፕላን ማረፊያ ለማድረስ ተብሎ በየግማሽ ሰዓቱ ባቡር ከጀመረ፣ ያንኑ እስከ አዳማ መቀጠል ትልቅ ጣጣ አይሆንም። ለአርሲ ሰው ከጋሠራው መስመር ይልቅ ይህ ዜና የቀረበ ነው።

ለአሰላ ምን ትርጉም አለው?

ከአዳማ አዲስ አበባ ጠዋትና ማታ የሚያስተማምን ባቡር ካለ፣ ከአሰላ የሚጎድለው 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እሱንም አውቶቡስ ይሸፍነዋል፤ ግን እንደ ዛሬው «ሲሞላ እንነሳለን» የሚል አውቶቡስ ሳይሆን፣ ባቡሩ ከመነሳቱ 20 ደቂቃ ቀድሞ ጣቢያው በር ላይ የሚያወርድ፣ ትኬቱም ከባቡሩ ጋር አንድ የሆነ። ከቴሌብር አንዴ ይከፈላል፣ አለቀ። ባቡሩ ከዘገየ አውቶቡሱ ይጠብቃል። ይህ ቢሊዮን ዶላር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት መሥሪያ ቤት በአንድ የሰዓት ሰሌዳ መስማማቱን ነው። (አዎ፣ አንዳንዴ ከቢሊዮኑ የሚከብደው እሱ ነው።)

ከባዱ ነገር ጥገናው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ይዞ ጀመረ፤ በመለዋወጫ እጥረት ከዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ቆመው ጥቂቱ ብቻ የሚሠሩበት ደረጃ ደረሰ። ባቡሩ ሲጠፋ ሰው ጣቢያ መቆም ተወ። አዳማ ላይም እንዲሁ ከሆነ፣ ከአሰላ የወረደው ተማሪ አንድ ቀን ባቡር አጥቶ ከቀረ በሁለተኛው ቀን ሚኒባስ ውስጥ ነው የምታገኙት። የጅቡቲው መስመር ከግንቦት 2016 ዓ.ም ጀምሮ ከቻይናውያን ተረክቦ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ባለሙያዎች እየተመራ ነው፤ ስለዚህ መልሱ አሁን እዚሁ ያለ ሰው እጅ ነው።

ዜናው ሲመጣ

ስለ አርሲ ባቡር ዜና መምጣቱ አይቀርም፤ በተለይ የምርጫ ሰሞን። «ጥናት ተጠናቀቀ» ከተባለ፣ ያ የአዋጭነት ጥናት ነው ወይስ መስመሩ በየትኛው ቀበሌ እንደሚያልፍ የሚያሳይ ዝርዝር ዲዛይን? ልዩነቱ የዓመታት ነው። «ስምምነት ተፈረመ» ሲባል ከተቋራጩ ጋር ነው ወይስ ገንዘቡን ከሚሰጠው ጋር? ከተቋራጭ ጋር ተፈርሞ ብር ያጣ መስመር በአገራችን አለ። ከዚያ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ማን እንደሚያደርስ ጠይቁ፤ የኮምቦልቻው ያስተማረን ይህንን ነው። የአሰላ ጣቢያ የት ይሆናል የሚለውን ግን ከሁሉም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሜዳው ላይ ነው ወይስ ከተማው ውስጥ? ካርታው አንዴ ከታተመ በኋላ ጣቢያ አይንቀሳቀስም።

እስከዚያው ድረስ ሚኒባሱ ሦስት ሰው ይቀረዋል።